በጤናው ወራት የሚሠራ ሥራ፦ ከባይፖላር ሕመም ጋር ለመኖር የሚረዳ መመሪያ

ባይፖላር ሕመም ያለበትን ሰው ጎረቤት የሚያውቀው በሁለት ወይም በሦስት ክፉ ሳምንታት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲናገር ሲያድር፣ ዕቃውን አውጥቶ ሲያድል፣ በዘመድ ተይዞ ወደ አማኑኤል ሲወሰድ ያየ ሁሉ ያንን ያስታውሳል፤ ከሆስፒታል ተመልሶ ሥራውን እየሠራ፣ ልጆቹን እያሳደገ፣ ዕድሩን እየከፈለ ያሳለፋቸውን ወራትና ዓመታት ግን የሚቆጥርለት የለም። ታማሚውና ቤተሰቡም ብዙ ጊዜ በዚሁ መንገድ ያስባሉ፤ ሕመሙ ሲነሳ ይሯሯጣሉ፣ ሲበርድ «ተመስገን፣ ዳነ» ብለው መድኃኒቱንም ክትትሉንም ይተዉታል። የሚቀጥለው ሕመም ቶሎ መምጣት አለመምጣቱና የሚያደርሰው ጉዳት መጠን በአብዛኛው የሚወሰነው ሰውየው ደህና በሆነባቸው ወራት በሚሠራው ሥራ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ያለው ምክር በዋናነት የሚመለከተው እነዚያን ወራት ነው።

ሕመሙ ምን ይመስላል?

ጠዋት ተደስቶ ማታ መከፋት የማንኛውም ሰው ጠባይ ነው። በባይፖላር ሕመም ግን ስሜት፣ ጉልበት፣ እንቅልፍና አስተሳሰብ አንድ ላይ ሆነው ለቀናት፣ ለሳምንታት ወይም ለወራት ከሰውየው ልክ በላይ ይወጣሉ፤ በሌላ ጊዜ ደግሞ ከልኩ በታች ይወርዳሉ። ሐኪሞች ማኒያ የሚሉት ከፍታ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት የሚዘልቅ ወይም ሆስፒታል እስከ መግባት የሚያደርስ ነው። ሰውየው ሁለትና ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ድካም አይሰማውም፣ ንግግሩ ይፈጥናል፣ ሐሳቡ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል፣ ገንዘቡን ይበትናል ወይም በአንድ ሳምንት ሦስት ንግድ ይጀምራል፣ «ተው» ያለውን ሁሉ ይቆጣል፤ ሲጠና የተለየ ሥልጣን ወይም ትንቢት እንደተሰጠው ሊያምን፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ሊሰማ ይችላል። ከዚህ ቀለል ያለው፣ ቢያንስ አራት ቀን የሚቆየውና ኑሮን ጨርሶ የማያናጋው ከፍታ ሃይፖማኒያ ይባላል። ድባቴ የሚባለው ዝቅታ ቢያንስ ሁለት ሳምንት የሚቆይ ሲሆን፣ የሚወዱት ነገር ሁሉ ጣዕም ያጣል፣ ሰውነት ይከብዳል፣ እንቅልፍ ይጠፋል ወይም ይበዛል፣ ምንም ባልተሠራ ነገር ራስን መውቀስ ይመጣል፣ ሞትን መመኘትም ይከተላል። ሁለቱ ተደባልቀው የሚመጡበት ጊዜም አለ፤ የማኒያው ጉልበትና የድባቴው ተስፋ ማጣት በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ራስን የመጉዳት አደጋው ከፍ ይላል።

አንድ ሙሉ የማኒያ ጊዜ ያለፈበት ሰው ሕመሙ ዓይነት አንድ ይባላል። ሃይፖማኒያና ድባቴ ብቻ የሚፈራረቁበት ዓይነት ሁለት ነው። ዓይነት ሁለትን «ቀላሉ» ብሎ መጥራት ስሕተት ይመስለኛል፤ ታማሚው ብዙ ዘመኑን በድባቴ ውስጥ ሊያሳልፍ ይችላልና።

ሕመሙ የከተማ ሰው ወይም የትምህርት ጭንቀት ያመጣው ነው የሚል ግምት ይሰማል። ቡታጅራና አካባቢዋ ላይ የአገራችን ተመራማሪዎች ከ68 ሺህ በላይ አዋቂዎችን ቤት ለቤት መርምረው፣ ከ200 ሰው አንዱ ገደማ ዓይነት አንድ ባይፖላር ሕመም አጋጥሞት እንደሚያውቅ አግኝተዋል፤ ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ገበሬዎችና የገጠር ነዋሪዎች ነበሩ። የመጀመሪያው ማኒያ የመጣባቸው በአማካይ በ22 ዓመት ዕድሜያቸው አካባቢ ነው፤ ማለትም ሰው ትዳር በሚይዝበት፣ ኮሌጅ በሚገባበት ወይም ዓረብ አገር በሚሄድበት ዕድሜ። ሕመሙ በቤተሰብ ይወርዳል፤ ወላጅ ወይም ወንድም ወይም እህት የታመመበት ሰው ከሌላው ይልቅ የመታመም ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፣ ቢሆንም ከታማሚ ወላጅ የተወለዱ ልጆች አብዛኞቹ በዚህ ሕመም አይያዙም።

ምርመራው እንዳይስት

ማኒያን የሚለይ የደም ምርመራ የለም። ሐኪሙ የሚሠራው ከታሪክ ነው፤ ስለዚህ የሚቀርብለት ታሪክ ከጎደለ ውጤቱም ይጎድላል። በጣም የተለመደው ስሕተት የሚፈጠረው ሰውየው ወደ ሐኪም የሚሄደው በድባቴ ጊዜ ብቻ በመሆኑ ነው፤ ከፍ ያለበትን ጊዜ እንደ ጤና፣ እንዲያውም እንደ ምርጥ ዘመኑ ስለሚቆጥረው አያነሣውም። ያንን ያልሰማ ሐኪም እንደ አሚትሪፕቲሊን ወይም ፍሉኦክሰቲን ያለ የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ሊያዝ ይችላል፤ ይህ ደግሞ በባይፖላር ታማሚ ላይ ማኒያን ሊቀሰቅስ ይችላል። ስለሆነም በድባቴ ምክንያት ለሚታከም ሰው ሁሉ የምሰጠው የመጀመሪያ ምክር ይህ ነው፦ እንቅልፍ ሳያሻዎ በጉልበት የተሞሉበት፣ ሰዎች «ምን ነካው?» ያሉበት፣ ከወትሮው ውጭ ገንዘብ ያወጡበት ሳምንት በሕይወትዎ ኖሮ ከሆነ፣ ባይጠየቁም ይናገሩ።

ወደ ቀጠሮው ከመሄድዎ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ከጉርምስና ጀምሮ ያለፉትን ከፍታዎችና ዝቅታዎች በዓመት በዓመቱ ይጻፉ፤ ዓመቱ ካልታወሰ «የእህቴ ሠርግ ሰሞን» ማለትም ይበቃል። በዚያ ጊዜ ምን ይጠጡ ወይም ይቅሙ እንደነበር፣ ምን መድኃኒት ይወስዱ እንደነበር፣ ከዘመድ ማን ተመሳሳይ ሕመም ወይም ራስን ማጥፋት እንደደረሰበት ያክሉበት። አብሮ የኖረ ሰው ይዘው ይሂዱ፤ ማኒያን ከታማሚው ይልቅ በደንብ የሚያስታውሰው ያየው ነው። ማኒያው የመጀመሪያ ከሆነ፣ በተለይ ዕድሜ ከገፋ በኋላ የመጣ ከሆነ፣ የታይሮይድ፣ የኤች አይ ቪና ሌሎች ምርመራዎች እንዲደረጉ ይጠይቁ፤ የታይሮይድ መብዛት፣ የአንጎል ኢንፌክሽን፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶችና ጫት የማኒያን መልክ ይዘው ሊመጡ ይችላሉና።

ሕክምናው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ሰውን ከመንገዱ ያዘገየዋል። ዛሬ በየክልሉ ባሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችና በብዙ አጠቃላይ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ በብዙ ቦታ ክትትሉን የሚሰጠው የሳይካትሪ ነርስ ነው፣ ለረጅም ጊዜ ክትትል ደግሞ ቅርብ የሆነ ሳይካትሪ ነርስ ሩቅ ካለ ስፔሻሊስት ይበልጣል።

እንቅልፍ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ መያዝ የሚቻል ቢሆን ይህን ክፍል እንዲይዙ እመክር ነበር። በባይፖላር ሕመም እንቅልፍ ሁለት ሥራ አለው፤ መቀነሱ ማኒያን ይቀሰቅሳል፣ ደግሞም ማኒያ ሲጀምር መጀመሪያ የሚቀንሰው እርሱ ነው። እንቅልፍ አጥቶ በማግሥቱ የሚንገላታ ሰው እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው፤ አራት ሰዓት ተኝቶ ታድሶ የሚነሣ ባይፖላር ታማሚ ግን ሕመሙ በር ላይ ደርሶበት ሊሆን ይችላል።

የሚጸናው ደንብ የመነሻ ሰዓት ነው። ማታ እንቅልፍ በትእዛዝ አይመጣም፤ ጠዋት በተወሰነ ሰዓት፣ ለምሳሌ 12 ሰዓት፣ እሑድም ሰኞም መነሣት ግን በሰው እጅ ነው። ከተነሡ በኋላ ውጭ ወጥቶ ብርሃን ማየት፣ ቁርስና ምሳን በሰዓቱ መብላት፣ ቡና ከቀትር በኋላ አለመጠጣት፣ ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ስልኩን ሌላ ክፍል ማስቀመጥ የሰውነትን ሰዓት ያጸኑታል። ጫትን በተመለከተ ልክ የሚባል መጠን አላውቅም፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነው፣ እንቅልፍ ያጠፋል፣ ማታ «ለመብረድ» የሚጠጣው አረቄ ወይም ቢራ ደግሞ የቀረውን እንቅልፍ ይቆራርጣል፤ በማግሥቱም ዙሩ ይደገማል። ለባይፖላር ታማሚ ትክክለኛው መጠን ዜሮ ነው።

ችግሩ የእኛ ኑሮ ሌሊት የሚጠይቃቸው ብዙ ነገሮች መኖራቸው ነው፤ የፋሲካ ሌሊት ቅዳሴ፣ የጥምቀት ዋዜማ፣ ማኅሌት፣ የጸሎት አዳር፣ የሠርግ ዝግጅት፣ የለቅሶ ቤት። ከእነዚህ ሁሉ መራቅ ሰውን ከማኅበረሰቡ ስለሚነጥል አልመክርም። በዓሉ አስቀድሞ የሚታወቅ ከሆነ ዋዜማውን ቀን ላይ ሦስት ሰዓት መተኛት፣ ቤተ ክርስቲያን ቆይቶ ጎህ ሳይቀድ መመለስ፣ በተከታዩ ቀን እንግዳ ሳያበዙ ማታ በጊዜ መተኛት ይቻላል። ለቅሶ ግን ሳይታሰብ ይመጣል፤ ሐዘኑም እንቅልፍ ማጣቱም በአንድ ላይ ስለሆኑ አደገኛ ነው። የቅርብ ዘመድ የሞተበት ታማሚ ቀን ላይ ከሐዘንተኞች ጋር ተቀምጦ ማታ ጸጥ ባለ ክፍል ወይም ጎረቤት ቤት እንዲተኛ ማድረግ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚያስታውሰው አንድ ሰው መመደብ፣ በዚያው ሳምንት ለሐኪሙ ስልክ መደወል የቤተሰቡ ድርሻ ነው። የሌሊት ተረኛ ዘበኛ፣ ነርስ ወይም ሹፌር ከሆኑ የቀን ተራ እንዲመደብልዎ ከሐኪም ደብዳቤ ማጻፍ ተገቢ ነው።

መድኃኒት

ከአንድ ማኒያ በኋላ አብዛኛው ሰው ሕክምና ካላገኘ ዳግመኛ ይታመማል። በጤናው ወራት መድኃኒት የሚወሰደውም ለዚህ ነው፤ «አሁን ምንም የለብኝም» ማለት መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን ሊያሳይ ይችላል። ማቆም የሚፈልግ ሰው ካለም ለሐኪሙ ተናግሮ በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ያቁም፤ በተለይ ሊቲየም በድንገት ሲቆም ማኒያው ቶሎ ይመለሳል።

ሊቲየም ተፈጥሯዊ ጨው ሲሆን፣ ለማኒያ እንደሚረዳ አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ በ1949 እ.ኤ.አ. ካሳወቀ በኋላ እስከ ዛሬ ተወዳዳሪ ያልተገኘለት መድኃኒት ነው፤ ራስን የማጥፋት አደጋን በመቀነስም ይታወቃል። ችግሩ በሚጠቅመውና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ መሆኑ ነው። በደም ውስጥ ያለው መጠን ለዘለቄታ ሕክምና ብዙውን ጊዜ ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊሞል በሊትር እንዲሆን ይፈለጋል፤ ከ1.5 ሲያልፍ መመረዝ ይጀምራል። ደሙ የሚቀዳው የመጨረሻው ኪኒን ከተወሰደ ከ12 ሰዓት በኋላ ነው፦ ማታ 3 ሰዓት ከወሰዱ ጠዋት 3 ሰዓት ይቀዱና የጠዋቱን ኪኒን ከዚያ በኋላ ይውሰዱ። መጠኑ ከተረጋጋ በኋላ በየሦስት ወሩ፣ ኋላም በየስድስት ወሩ ይለካል፤ የኩላሊትና የታይሮይድ ምርመራም በየስድስት ወሩ ይደረጋል። ይህ የደም ምርመራ በማይገኝበት ቦታ ሐኪሞች ሌላ መድኃኒት የሚመርጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሊቲየም የሚወስድ ሰው ውኃና ጨው ሲያጣ መድኃኒቱ በደሙ ይጠራቀማል። ተቅማጥና ትውከት፣ ከባድ ሙቀት፣ ድንገት ጨው መተው አደገኛ የሚሆኑት ለዚህ ነው። ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም ከፋርማሲ በቀላሉ የሚገዙት አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክም መጠኑን ከፍ ያደርጉታል፤ በእነርሱ ፈንታ ፓራሲታሞል ይውሰዱ። እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ኢናላፕሪል ያሉ የደም ግፊት መድኃኒቶችም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ የግፊት ሐኪምዎ ሊቲየም እንደሚወስዱ ይወቅ። እጅ በኃይል መንቀጥቀጥ፣ መንገዳገድ፣ ምላስ መተሳሰር፣ ትውከትና ተቅማጥ፣ መፍዘዝ ከታየ ቀጣዩን ኪኒን ሳይወስዱ ወዲያውኑ ሆስፒታል ይሂዱ።

ጾም በዚህ ላይ ይመጣል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን እስከ 9 ሰዓት ያለ እህልና ውኃ መቆየት፣ በረመዳን ደግሞ ከንጋት እስከ ማታ መቆየት፣ በተለይ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሙቀት፣ ለሊቲየም ተጠቃሚ ቀላል ነገር አይደለም። ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር፣ ከንስሐ አባት ወይም ከሼኽ ጋር መነጋገር ይገባል፤ ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው መንገድ አላቸው፣ መጠየቁም ነውር አይደለም።

ጸበልም ራሱን የቻለ ቃል ይሻል። ጸበልና መድኃኒት ይጣላሉ የሚል እምነት ብዙ ሰው ይዟል፤ ሆኖም የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አባቶች ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። እኔም ሰውየው የሚጽናናበትን እምነት ከእጁ መንጠቅ ሕክምናውን የሚያግዝ አይመስለኝም። ነገር ግን በጸበል ቦታ ሌሊት መነሣት፣ ብዙ ውኃ ጠጥቶ ማስመለስ፣ እህል ሳይቀምሱ መዋል ያጋጥማል፤ ከላይ የተባለው የእንቅልፍና የውኃ ነገር እዚያው ላይ ይገናኛል። ስለዚህ መድኃኒቱን ይዘው ይሂዱ፣ ለሚያስጠምቁት አባት ይንገሯቸው፣ አብሮ የሚሆን አስታማሚ ይውሰዱ፣ እስኪያስመልስ ድረስ ውኃ መጠጣቱን ይተዉት፣ ሌሊቱን ይተኙ።

ሶዲየም ቫልፕሮኤት በአገራችን በብዛት ይታዘዛል። ለወንዶች ይስማማ ይሆናል፤ ልጅ የመውለድ ዕድሜ ላይ ላለች ሴት ግን የመጀመሪያ ምርጫ ሊሆን አይገባም። በእርግዝና ጊዜ ከወሰዱት እናቶች ከሚወለዱ 10 ሕፃናት አንዱን ገደማ የአፈጣጠር ጉድለት ያገኘዋል፤ ከ10 ሦስቱ ወይም አራቱ ደግሞ በእድገትና በትምህርት ችግር ሊያድጉ ይችላሉ። ይህን ያልነገሯት ሴት ካለች ዛሬውኑ ትጠይቅ፤ መድኃኒቱን ግን በራሷ አታቁም፣ የሚቀየርበት መንገድ አለ። ካርባማዜፒን ደግሞ የእርግዝና መከላከያ ኪኒንና በክንድ የሚቀበር መከላከያን ያዳክማል፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒቶችንም ይቀንሳል፤ ከጀመሩት በኋላ ከትኩሳት ጋር ሽፍታ ወይም የአፍ ቁስል ከወጣ ወዲያው ይቆምና ወደ ሆስፒታል ይኬዳል። ኦላንዛፒንና መሰሎቹ ውፍረትና ስኳር ስለሚያመጡ ክብደትና የደም ስኳር መከታተል ያስፈልጋል። ሃሎፔሪዶል አንገት ወይም መንጋጋ ቢያስይዝ ይፈታል፤ ወደ ሰጠዎት ክሊኒክ ሮጠው ይመለሱ እንጂ መድኃኒቱን ጥለው አይቅሩ።

መድኃኒት ይጠፋል፣ ዋጋውም ይንራል። የሁለት ሳምንት ተጠባባቂ ኪኒን ሁልጊዜ ቤት እንዲኖር ያድርጉ፤ ሲያልቅ ሳይሆን ወደዚያ ተጠባባቂ ሲደርሱ ይግዙ። ከሆስፒታሉ ካጡ ቀይ መስቀልና ከነማ ፋርማሲዎችን ይጠይቁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል መሆን ወጪውን ያቀልላል። ካጡም ከጎረቤት ተመሳሳይ ኪኒን ከመዋስ በፊት ለሐኪሙ ይደውሉ።

ደብተሩና ወረቀቱ

አንድ ተራ ደብተር ይግዙና በየማታው አራት ነገር ይጻፉ፦ የተኙበት ሰዓት ብዛት፣ ስሜቱ ከአምስት ዝቅታ እስከ አምስት ከፍታ ስንት እንደሆነ (ዜሮ ደህና ቀን ነው)፣ መድኃኒቱ መወሰዱ፣ የተለየ ነገር ካለ እርሱ። ወራችን ሁሉ 30 ቀን በመሆኑ አንድ ገጽ አንድ ወር ይይዛል፤ ጳጉሜን በኅዳጉ ትገባለች። ሴቶች የወር አበባቸውን ቢያክሉበት ይጠቅማል። ከሦስት ወር በኋላ ገጾቹ ጎን ለጎን ሲታዩ ሰውየው ስለ ራሱ የማያውቀውን ይነግሩታል፤ ለአንዱ ማኒያው የሚጀምረው ከሁለት አጭር ሌሊት በኋላ ነው፣ ለሌላው በክረምት መውጫ ነው። ሐኪሙም በአሥር ደቂቃ ቀጠሮ ከቃል ይልቅ ከገጹ ይረዳል።

ሁለተኛው ሥራ የስምምነት ወረቀት ነው። ማኒያ የያዘው ሰው መታመሙን አያምንም፤ በዚያን ሰዓት የሚደረግ ክርክር ሁሉ ይከስራል። ስለዚህ ታማሚው በደህናው ወር፣ ከሚያምናቸው አንድ ወይም ሁለት ሰዎች ጋር ተቀምጦ፣ በራሱ እጅ ይጻፍ። መጀመሪያ የራሱን ምልክቶች ይዘርዝር። «እናደዳለሁ» ማለት አይበቃም፤ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ዘመድ ጋ እደውላለሁ»፣ «ቤት መቀባት እጀምራለሁ»፣ «በፌስቡክ በቀን 20 ጊዜ እለጥፋለሁ»፣ «ከቤተ ክርስቲያን አልወጣም» የሚሉት ይጠቅማሉ። ቀጥሎም እነዚህ ሲታዩ ማን ምን እንዲያደርግ እንደፈቀደ ይጻፍ፦ ለየትኛው ሐኪም እንደሚደወል፣ የትኛው ኪኒን በሐኪሙ ምክር እንደሚጨመር፣ ልጆቹ ማን ጋ እንደሚሄዱ፣ ለአለቃው ምን እንደሚነገር፣ የትኛውን ሆስፒታል እንደሚመርጥ።

ገንዘቡ ለብቻው ይጻፍ፤ ከሕመሙ በኋላ ቤተሰብን የሚያፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ ዕዳው ነውና። የቴሌብርና የሞባይል ባንክ የቀን ጣሪያ ዝቅ እንዲል፣ ቁጠባው ሁለት ፊርማ በሚጠይቅ ሒሳብ እንዲቀመጥ፣ የቤትና የመኪና ሰነድ በወንድም ወይም በእህት እጅ እንዲሆን፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ የመኪናው ቁልፍ እንዲሰጥ በደህናው ወር መስማማት ይቻላል። ከአንድ ሺህ ብር በላይ የሆነ ማንኛውንም ያልታቀደ ግዢ ሁለት ሌሊት ማሳደር የሚል የግል ደንብም ብዙ ያድናል፤ መጠኑን እያንዳንዱ በአቅሙ ያስተካክለው።

ጊዜው ሲደርስ ወረቀቱን የሚያነሣው ሰው አነጋገሩን ይለማመድ። ታናሽ እህት ታላቅ ወንድሟን «አብደሃል» ከማለት ይልቅ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ሦስት ሌሊት አልተኙም። በሐምሌ የጻፉት ወረቀት ይኸው፤ እንዲህ ስሆን ለዶክተሩ ደውዪ ብለውኛል። ልደውል ነው» ብትል፣ ትእዛዙ የራሱ የወንድሟ ስለሆነ ለመቀበል ይቀልለዋል። ባይቀበልም ትደውል።

ሕመሙ ሲነሳ

ማኒያ ላይ ላለ ሰው አስታማሚው ድምፁን ዝቅ ያድርግ፣ ሬዲዮና እንግዳ ይቀንስ፣ ክፍሉን ያደብዝዝ፤ ስለ ትልልቅ ዕቅዶቹ አይከራከር፣ አያበረታታ። ሽማግሌ ሰብስቦ መምከር በዚያ ሰዓት እሳት ላይ ቤንዚን ነው። ማሰር፣ መምታት፣ ማስራብ ሰውየውን ይጎዳል፤ ሲድን የተደረገበትን ሊያስታውስ ስለሚችል ከቤተሰቡ ጋርም ያጣላዋል። ሁለት ሌሊት በተከታታይ ካልተኛ፣ መድኃኒት እምቢ ካለ፣ ለራሱ ወይም ለሌላ ሰው ካሰጋ፣ እህልና ውኃ ከተወ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ ደብተሩንና የመድኃኒቱን ካርቶን ይዘው ይሂዱ።

ድባቴው ጸጥ ያለ ስለሆነ ይታለፋል። «ተነሥ፣ በርታ» የሚለው ምክር ጉልበት የሌለውን ሰው የበለጠ ያሳፍረዋል። አብሮት እስከ ደጅ መውጣት፣ ፊቱን መታጠቢያ ውኃ ማቅረብ፣ አንድ ጉርሻ ማጉረስ ከምክር ይበልጣል። ሞት እያሰበ እንደሆነ ከጠረጠሩ በቀጥታ ይጠይቁት፤ «ራስህን ልታጠፋ እያሰብክ ነው?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርበትም፣ ይልቁንም የሚናገርበት በር ይከፍትለታል። አዎ ካለ ብቻውን አይተዉት። በገጠር ቤት የተባይ ማጥፊያ መርዙን፣ በከተማም መሣሪያና የተከማቸ ኪኒን ከቤት ያውጡ፤ ሊቲየምና አሚትሪፕቲሊን በብዛት ሲወሰዱ ስለሚገድሉ የሳምንት መጠን ብቻ በእጁ ይኑር፣ ቀሪው ከአስታማሚው ጋር ይቆለፍ። ከዚያም በዚያው ቀን ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። አሜሪካ የሚኖሩ ከሆነ በ988 በማንኛውም ሰዓት መደወል ይቻላል፤ እስራኤል ላሉ ደግሞ 1201 አለ።

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ያሉት ሁለት ወራት ታማሚው በማኒያ ጊዜ ያደረገውን እያስታወሰ የሚያፍርበት፣ ድባቴውም የሚከተልበት ጊዜ ናቸው። ይቅርታ የሚጠየቁትን ሰዎች በአንድ ሳምንት ለመጨረስ አይሞክሩ። ሥራም ቢቻል በግማሽ ቀን ይጀመር።

ትዳር፣ ልጅና መንገድ

ከጋብቻ በፊት መናገር ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ ሁሌ ይነሣል። ለእኔ መልሱ ግልጽ ነው፤ ከቀለበት በፊት ይነገር፣ የተቻለ እንደሆነ እጮኛው ወይም እጮኛዋ አንድ ጊዜ አብረው ወደ ሐኪሙ ይሂዱ። ኪኒን ደብቆ የሚውጥ ሰው ኪኒን የሚያመልጠው ሰው ነው።

ማርገዝ የምትፈልግ ሴት ከማርገዟ ወራት አስቀድማ ከሐኪሟ ጋር መድኃኒቱን ታስተካክል። ከወሊድ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ለባይፖላር ታማሚ ከሕይወቷ ሁሉ በጣም አደገኛዎቹ ናቸው፤ የሆርሞን ለውጥና የእንቅልፍ እጦት በአንድ ላይ ይመጣሉና። እዚህ ላይ የአራስ ቤት ልማዳችን ትልቅ ሀብት ነው። እናት ወይም እህት ቢያንስ ለስድስት ሳምንት ሌሊት ሕፃኑን ትያዝ፣ አራሷ ሳትቆራረጥ አምስትና ስድስት ሰዓት ትተኛ፤ አራስ ጠያቂውም ቀን በተወሰነ ሰዓት ይምጣ። ጡት ስለማጥባት መድኃኒቷን የሚያውቅ ሐኪም ይወስን፤ ሊቲየም ወደ ወተት ያልፋል። አራሷ ሳትተኛ ደስታ ከበዛባት፣ ወይም ስለ ሕፃኑ እንግዳ ነገር መናገር ከጀመረች፣ «የአራስ ነገር ነው» ተብሎ ቀን አይጠበቅ።

ለሚጓዝ ሰው ደግሞ ከዋሽንግተን እስከ አዲስ አበባ ያለው የሰባት ወይም የስምንት ሰዓት ልዩነት፣ ከሌሊት በረራውና ከደረሱ በኋላ ከሚጠብቀው የዘመድ ድግስ ጋር ተደምሮ ማኒያን ሊቀሰቅስ ይችላል። ከመነሣትዎ ጥቂት ቀናት አስቀድመው የመኝታ ሰዓትዎን በቀን አንድ ሰዓት ወደ አዲሱ አገር ሰዓት ያስጠጉ፤ የደረሱበትን ቀንና ማግሥቱን ከቀጠሮ ነጻ ያድርጉ፤ ኪኒኑን በየትኛው ሰዓት እንደሚወስዱ ከመጓዝዎ በፊት ከሐኪሙ ጋር ይወስኑ። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሄዱ ከሆነ መድኃኒቱን በዋናው ካርቶኑ፣ በእንግሊዝኛ ከተጻፈ የሐኪም ደብዳቤና ማዘዣ ጋር በእጅ ሻንጣ ይያዙ፤ አገሩ ያንን መድኃኒት ያለ ልዩ ፈቃድ ያስገባ እንደሆነም ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ኤምባሲውን ይጠይቁ።